ከእሳቱ ወዲያ የቆመች

ጥቅምት 3 ቀን

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፣

ይህ ደብዳቤ ሳልዎ ለቆዎት፣ ጉልበትዎ ታዞልዎት፣ እናቴም ከአጠገብዎ በደህና ተቀምጣ ያግኝዎ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም አልፌያለሁ። በስልክ ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ ግን እርስዎ ስልክ ላይ «እሺ፣ እሺ» ብለው ነው የሚዘጉት። ይህ ደግሞ በእሺ የሚያልቅ ወሬ አይደለም።

እንደሚያውቁት እዚህ የምርምር ተቋም ጽዳት ከያዝኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ምድር ቤት አንድ መስኮት የሌለው ክፍል አለ፤ ሥራ ላይ ሲሆኑ በሩ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ለእኔ እስከዛሬ ቅርጫት የማራግፍበት ክፍል ነበር፤ ሌላውን አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ቅርጫቱን ልወስድ ብገባ የክፍሉ ኃላፊ፣ ዶክተሯ የምንላት፣ ሁለት ተማሪዎቿን ትቆጣለች። «አንድ ደቂቃ ሳይነቃነቅ የሚቆም ሰው እንዴት ይጠፋል?» ትላለች። አንዱ አፍንጫውን ያካል፣ አንዷ ሳቋን አፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ አፌ መቼ ያርፋል፤ «አሥር ዓመት ካውያ ይዤ የቆምኩ ነኝ፤ ግድግዳ ቢፈልጉ እሆናለሁ» አልኩ። «በይ እንግዲያው ነይ ቁሚ» አለችኝ።

አቆመችኝ። መነጽር ሰጡኝ። ከፊቴ ራቅ አድርገው የጋዝ ምድጃ በረድፍ ለኮሱ፤ የእሳት መጋረጃ በሉት። እነሱ ከዚያ ማዶ፣ እኔ ከዚህ ማዶ። በዓይን ለሚያይ ሰው እሳት ብቻ ነው፣ እኔ የለሁም። ኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ያሳዩኝ ምስል ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ እሳቱ የለም፣ እኔ አለሁ። ከነሻሼ፣ ከነተንጠለጠለው እጄ። ግራጫ ሆኛለሁ፣ ትንሽ ጎርፍ የበላው ሥዕል መስያለሁ፣ ግን እኔው ነኝ። አፍንጫዬማ የእርስዎና የእናቴ አፍንጫ ነው፤ እሳትም አልደበቀው።

ሆሎግራም ይሉታል። የሚያነሱት በሙቀት ካሜራ ነው። ድካሙ ሁሉ ለምን እንደሆነ ቢሰሙ ይደሰታሉ፦ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በጭስና በነበልባል ውስጥ የወደቀ ሰው እንዲያዩበት ነው። ይህን ሲነግሩኝ አላስቻለኝም። እናቴ ትሠራበት የነበረው የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ሲቃጠል፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የነበሩት እርስዎ ገብተው፣ ጆሮዋ የማይሰማ እህትዎን በትከሻዎ ተሸክመው እንዳወጡ ከሥር ከመሠረቱ አወራሁላቸው። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነው የሰማችኝ። ታኅሣሥ 27 ቀን ተቋሙ ለእንግዶች ክፍት ይሆናል። የእርስዎን ፎቶ ከምስሌ አጠገብ ሊሰቅሉ፣ እኔም ታሪኩን ቆሜ ልናገር ተስማምተናል። የደንብ ልብስ የለበሱበትን ፎቶ ይላኩልኝ። አምስት መስመር ያህልም በእጅዎ ይጻፉልኝ፣ ጭሱ ውስጥ ምን እንዳዩ።

እጅዎን የምትስም
የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 9 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ያለሽበት ይባረክ፣ እንጀራሽ ይባረክ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ። ሳሌ እንዳለ ነው፤ ተለማምደናል። እናትሽ ደህና ናት። ብርዱ ሲበረታ ደረቷን ያፍናታል እንጂ ሌላ የላትም። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብባ «ምስሏን ትላክልኝ» ብላ ደብተሯ ላይ ጽፋልኛለች።

ፎቶ ያልሽውን አላገኘሁም። የደንብ ልብሱንም ብል ጨርሶታል። ስለ እኔ ባታወሪ ይሻላል፤ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ነበሩ። ጭስ ውስጥ ምንም አይታይም። ይኸው አንዱ መስመር፤ አራቱን አንቺ ሙዪው፣ ወሬ አይቸግርሽም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህ መሣሪያ፣ በር ላይ ለቆመ ሰው፣ ወደ ውስጥ ሳይገባ፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው መኖሩን ያሳየዋል? በግምት ሳይሆን አዋቂዋን ጠይቀሽ ጻፊልኝ። እሳት አጠገብ ስትቆሚ ደግሞ ናይለን ልብስ እንዳትለብሺ።

አጎትሽ


ኅዳር 30 ቀን

ለምወድዎ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? አጭርም ቢሆን ደብዳቤዎን ሳይ ቀኑን ሙሉ ስዘፍን ዋልኩ፤ ደረጃው የሚጸዳው በዘፈን ነው ወይ ብለው ሳቁብኝ።

ትህትናዎን ግን አልቀበልም። ሰው የሠራውን ሲነግሩለት እንዲህ ይሽኮረመማል? ፎቶ አላገኘሁም ያሉት የእርስዎ ጉዳይ ነው። እኔ አስቀድሜ ለእናቴ ጽፌ፣ ግድግዳዋ ላይ እርስዎ ያኔ ከተሸለሙት የምስጋና ወረቀት ጎን ያለውን አስልኬያለሁ። ደርሶኛል። ሪዝዎ ገና የመጣ ጊዜ ነው፤ ዶክተሯ «መልከ መልካም ነበሩ» ብላለች። «ነበሩ» ያለችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።

ለጥያቄዎ መልስ ይዣለሁ። ለጊዜው መሣሪያው ጠረጴዛ ሙሉ ነው፤ ማንም ይዞት በር ላይ አይቆምም። አንድ ቀን ግን ይደርሳል፣ በር ላይ ለቆመው ሰው ያሳየዋል ብላለች ዶክተሯ።

አሠራሩን እንዲህ ነው ያስረዳችኝ። ለዓይን የማይታይ የሌዘር ጨረር አለ፣ ኢንፍራሬድ የሚሉት፣ ሞገዱ ረጅም ነው። ጭስ ለእኛ ዓይን ግድግዳ ነው፤ ለዚህ ረጅም ሞገድ ግን ወንፊት ነው፣ ያልፈዋል። ጨረሩን ለሁለት ይከፍሉታል። አንዱ ምንም ሳይነካ ካሜራው ዘንድ ይደርሳል። ሌላው እሳቱን አልፎ፣ እኔን ነክቶ ይመለሳል። ሁለቱ ካሜራው ላይ ሲገናኙ ዓይን የማይለያቸው ደቃቅ መስመሮች ይሠራሉ፤ ኮምፒውተሩ ከመስመሮቹ ተነስቶ እኔን መልሶ ይሠራኛል። ለእኔ የገባኝ በራሴ መንገድ ነው። አንድን ወሬ ከሁለት ሰው ሰሙ እንበል፤ አንዱ እንደተላከ ያመጣዋል፣ ሌላው መንገድ ላይ አንድ ነገር አጋጥሞታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ካስቀመጡ ያ ያጋጠመው ነገር ምን እንደነበር ይደርሱበታል። ይህን ስል ዶክተሯ «ከተማሪዎቼ አንቺ ትሻያለሽ» አለችኝ። ተማሪዎቹ ለሁለት ቀን ሰላምታ ነፍገውኛል።

ተራው የሙቀት ካሜራ ጭሱን ቢያልፍም ነበልባል ፊት ለፊት ሲያገኘው ይታወራል አሉ። ይኼኛው ሌንስ ስለሌለው ነበልባሉን አንድ ቦታ አይሰበስበውም፤ ስለዚህ አይታወርም። የሚያስቸግራቸው የእኔው ገላ ነው፤ የራሴ ሙቀት ካሜራው ላይ ይመጣና ያን እየቀነሱ ይለፋሉ። «ሞተሽ ቢሆን ይቀለን ነበር» አለኝ ቀስታ የምንለው ቴክኒሺያን። አነጋገሩም አረማመዱም ቀስ ያለ ነው፤ ቀልዱ ብቻ ይፈጥናል።

እንግዲህ ቀኑ ቀርቧል። የምናገረውን በወረቀት ጽፌ መስታወት ፊት እያጠናሁ ነው። ምስሌን ለእናቴ አብሬ ልኬያለሁ፤ ይስጡልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 14 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥሽ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። የአሁኑን መልሼ ሳላነበው ላሽገው ነው።

ፎቶው አይሰቀል። እናትሽን ያወጣኋት እኔ አይደለሁም።

እሳቱ የተነሳው ከማድረቂያው ክፍል ነው። መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ፤ ያ እውነት ነው። እናትሽ የምትሠራበት መተኮሻ ክፍል በር ድረስ ደረስኩ። ጭሱ እስከ ጉልበቴ ወርዷል። ስሟን ጠራሁ። መልስ የለም። ተመልሼ ወጣሁና ለአለቃችን «ማንም የለም» አልኩት፣ በዚህ አፌ። ሰንበሌጥ የምንለው ቀጭን ባልደረባ ነበረኝ። «በእጅህ ዳሰስክ?» አለኝ። እሱ ገባ። ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር አንስቶ አመጣት።

ዓይኗን ስትገልጥ ላይዋ ላይ ተደፍቼ የማለቅሰው እኔ ነበርኩ። ያወጣኋት መሰላትና እጄን ያዘች። ሰንበሌጥ ጠጋ ብሎ «ተወው፣ አንተ ሁን። እህቱን ጥሎ ወጣ ብለው መንገድ ከሚያሳጡህ» አለኝ። ተውኩት። ይኸው ሠላሳ ስድስት ዓመት ተውኩት። የምስጋና ወረቀቱን እናትሽ እንደሰቀለችው ታውቂያለሽ፤ ቤቷ ስሄድ ለወረቀቱ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምቀመጠው። «ለምን ብርሃኑ ጋ አትቀመጥም?» ትለኛለች። ደረቷን የሚያፍናትም እዚያ ውስጥ የቆየችበት ጊዜ ነው፤ ስታስል በሰማሁ ቁጥር እቆጥረዋለሁ።

ሰንበሌጥ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አንድ ቀን አላነሳብኝም።

ለእናትሽ አትንገሪብኝ። ራሴ ልንገራት፤ አቅም እስካገኝ ጊዜ ስጪኝ።

አጎትሽ


መጋቢት 2 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

በደህና ያግኝዎ። ሁለት ወር ዝም ማለቴን አውቃለሁ። ዝም ማለት እንደማልችልበት እርስዎም ያውቃሉ፤ ስለዚህ ምን ያህል እንደከበደኝ ከዚያ ይገምቱት።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጥር 6 ቀን ነው። ታኅሣሥ 27 አልፏል። ፎቶዎ ተሰቅሎ፣ እኔ አዲስ ጫማ አድርጌ፣ ሰባ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬያለሁ። «አጎቴ ያኔ ይህ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ልብ ነው» ብያለሁ። መስታወት ፊት ያጠናሁት ነው። አጨበጨቡ። አንዲት ሴትዮ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ደብዳቤዎን ካነበብኩ ጀምሮ ያቺን ሴትዮ እንዳላገኛት ስል በኋላ በር ነው የምገባው። እዚያ ሕንፃ ውስጥ እንደማትሠራ አውቃለሁ። ቢሆንም።

ለዶክተሯ እውነቱን ለመንገር አሥር ቀን ፈጀብኝ። መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳት። «ፎቶውን አንቺው አውርጂው» አለች። ቀስታ መሰላል ይዞልኝ አወረድኩት። የሰንበሌጥን እንስቀል ወይ ብትለኝ ስሙን እንኳ እንደማላውቅ ገባኝ። ያለ ቅጽል ስሙ አላውቀውም።

መጀመሪያ በእርስዎ ተናድጄ ነበር፣ አልደብቅም። «ስሟን ጠራሁ፣ መልስ የለም» የሚለውን እያነበብኩ፣ ይህ ሰው ምን ነካው እላለሁ። ከልጅነቷ ጀምሮ የማትሰማ እህትዎን ጠርተው መልስ ጠበቁ? ለእርሷ በር የሚንኳኳው መብራት አጥፍቶ በማብራት እንደሆነ እኔን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም? ማንም ቢጠራት እርስዎ አይጠሯትም። ስለዚህ የጻፉልኝ ሙሉው አይደለም ብዬ አሰብኩ። የቀረው ምንድን ነው እያልኩ ስፈልግ ሰነበትኩ። ከዚያ ያገኘሁት እኔን ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ከእናቴ ጎን እንድቀመጥ ነበር የታዘዝኩት፤ ደወል ቢደወል፣ ሰው ቢጣራ፣ ልብሷን ጎትቼ እንድነግራት። «ጆሮዋ አንቺ ነሽ» ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ትቻት ውጭ ገመድ እዘላለሁ። ሰዎች እየጮኹ ሲወጡ አየሁ። እርስዎ ከእሳት አደጋ መኪናው ዘለው ወርደው በሩ ላይ አገኙኝ። «እናትሽስ?» አሉኝ። በፊተኛው ሳምንት እንዲሁ ትቻት አግኝተውኝ ተቆጥተውኛል። እንዳይቆጡኝ ብዬ «ወጥታለች» አልኩ። አይቼ አልነበረም።

ረስቼው አይደለም። እርስዎ አውጥተዋታል ብዬ ስለማምን፣ ውሸቴ ምንም ያላጠፋ መስሎኝ ነው የኖርኩት። ያን ታሪክ ባገኘሁት ሰው ሁሉ ፊት የማወራው ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ባወራሁት ቁጥር እየቀለለኝ ነበር።

ስሟን ጠራሁ ያሉት ለእኔ ሲሉ ነው? እውነቱን ይንገሩኝ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 28 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እግዜር ልብሽን ያሳርፈው።

ጠይቄሽ ነበር፤ ወጥታለች ብለሽኛል። ያን ከማንም ጋር አላነሳሁም፣ አላነሳምም። አንድ ነገር ግን ከእኔ እንድትወስጂ አልፈልግም። የሥራችን ሕግ አጭር ነው፦ ጭስ ውስጥ ሰው በወሬ አይፈለግም፣ በእጅ ነው። በቀኝ እጅህ ግድግዳውን ይዘህ ትዞራለህ፣ በግራህ ወለሉን ትዳስሳለህ። ንጉሥ መጥቶ ማንም የለም ቢልህ ትዳስሳለህ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ፈርቼ ነበር። አንቺ ባትነግሪኝ ሌላ ሰበብ አላጣም ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቃል ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የደሞዝተኛው ነው።

ለእናትሽ ነግሬያታለሁ። በእጄ ምልክት ልነግራት ጀምሬ ተውኩትና ደብተሯን ተቀብዬ ጻፍኩት። የታጠበ አንሶላ እያጣጠፈች ነበር። አነበበች። መልሳ አነበበች። ደብተሩን ዘጋችና የአንሶላውን ሌላ ጫፍ አስያዘችኝ። አራት አንሶላ አጣጠፍን፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ሲያልቅ «የሚስቱ ቤት የት ነው?» ብላ ጻፈች። የሰንበሌጥ ሚስት ክርና ቁልፍ የምትሸጥበትን ሱቅ ነገርኳት። አብሬሽ ልሂድ ብላት በእጇ ከለከለችኝ። በማግስቱ ብቻዋን ሄዳ እስከ ማታ ቆየች።

ይህ ከሆነ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ቤቷ አልጠራችኝም። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ራሷን ነቀነቅ አድርጋ ታልፋለች፣ እንደ ሩቅ ጎረቤት። የምስጋና ወረቀቱን አውርዳ በጎረቤቷ ልጅ ላከችልኝ። አልከፋኝም፤ የእኔን ዕቃ ነው የመለሰችው።

አንቺን አላነሳሁም። አንቺም አታንሺ። ለእናትሽ የቀረሻት አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺንም አጥታ ባዶ ቤት እንድትቀመጥ አልፈልግም። ይህ የመጨረሻ ልመናዬ ነው።

አጎትሽ


ሚያዝያ 19 ቀን

እማዬ፣

ደረትሽ ቀሎሽ፣ ብርዱ ለቆሽ ያግኝሽ። ይህን ደብዳቤ በአጎቴ በኩል አልላክሁትም። እሱ እጅ ቢገባ አይሰጥሽም ነበር። ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው።

ሁሌ ደብዳቤዬ ረዘመ ትያለሽ። የዛሬው አጭር ነው።

አጎቴ ደብተርሽ ላይ ሲጽፍልሽ የዘለለው ነገር አለ። ሕንፃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሩ ላይ እኔን አግኝቶ «እናትሽስ?» ብሎኛል። ከጎንሽ መሆን ሲገባኝ ትቼሽ ገመድ እዘል ነበር። እንዳይቆጣኝ ብዬ «ወጥታለች» አልኩት። ሳላይ ነው ያልኩት። እሱም አምኖኝ ነው ከበር የተመለሰው። እሱ «ጥፋቱ የራሴ ነው፤ መዳሰስ ነበረብኝ» ይላል። ይሁንለት። የእሱን ነግሮሻል፣ ይህ ደግሞ የእኔ ነው። እውነቱን መጀመሪያ ሲጽፍልኝ ይህን ደብቆልኝ ነበር። ስደርስበት ደግሞ እንዳልነግርሽ ለመነኝ። አንቺን ማጣት ለእሱ ይበቃል፣ እኔ ላይም አይድረስ ብሎ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ቀን «የት ነበርሽ?» ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ዳስሰሽ ልብሴ እንዳልተቃጠለ አየሽና ሳምሽኝ። እኔ ደግሞ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ሳወራ ያቺን አንድ ቃል እየዘለልኩ አወራሁ።

አጎቴን ጥሪው። አጠፋህ ብትይውም ቤትሽ ተቀምጦ በይው፤ መንገድ ላይ ራስሽን ነቅንቀሽ አትለፊው። እኔን የምትዪኝን ደግሞ በራስሽ እጅ ጻፊልኝ፣ በሌላ ሰው አታስልኪብኝ። ምንም ቢሆን አነበዋለሁ።

ልጅሽ